ወደ ዓባይ በረሓ በሞተር ብስክሌት

ልጃችንን ከኋላ አስቀምጠን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ በሞተር ብስክሌት ስንወርድ፥ መሪው ወደ ቀኝ እየሳበ አስቸገረን። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል፤ ገደሉም በቀኛችን በሆነ ጊዜ ልባችን ደነገጠ።

መንገዱን አማረርን፤ ነገር ግን በደልዳላውም ስፍራ ስላልተወን ቆመን መረመርን። የግራና የቀኙ ጓዝ ክብደት ትክክል ነው፤ የጎማዎቹም ነፋስ አልጎደለም። ሲባጎ ከኋላው ጎማ እስከ ፊተኛው በሁለቱ ወገን ብንወጥር፥ የኋላው ጠማማ ሆኖ ተገኘ። ለካ በዋዜማው ካቴናውን ስናጠብቅ አንዱን ብሎን ከሌላው አብልጠን አዙረን ኖሯል! ዳዶውን አላልተን፥ በሁለቱ ወገን ያሉትን ምልክቶች አስተካክለን፥ መልሰን አጠበቅነው።

ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ልጃችንም ወንዙን አይቶ ደስ አለው። እኛም መንገድን ከመውቀስ አስቀድሞ የገዛ እጅን ሥራ መመርመር እንደሚገባ ተምረን ተመለስን።