«ሲስተር፣ እስቲ ይቺን ሪሞት እዪልኝ»

ጡረታ ከወጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጀጎል ውስጥ ግን ነጩን ጋዋን ብታወልቁትም «ሲስተር» የሚለው ስም አብሮ አይወልቅም። ድሮ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፎ፣ ወይም መርፌ የታዘዘለትን አባቱን ደግፎ ነበር። ዛሬ የሚመጡት ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልክ፣ የላላ የቧንቧ ራስና ሪሞት ይዘው ነው። በቀደም ጎረቤቴ ሐጂ በላስቲክ የታሰረ ሪሞት አምጥተው «ሲስተር፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ፤ ጆሮዋ ደነቆረ መሰለኝ» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አያት ሆናችሁ፣ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ «ልጄ ይምጣና» ብላችሁ ለምትጠብቁ ነው። ልጆቻችን ያውቃሉ፤ ጊዜ ግን የላቸውም። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ ባሕር ማዶ ናቸው። በስልክ «እማዬ፣ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ» የሚል ልጅ፣ እናቱ ሴቲንግ ለመግባት ስልኩን ከጆሮዋ ማንሳት እንዳለባትና ያኔ የሚላትን እንደማትሰማ ይረሳዋል።

«አንቺስ ከየት ተማርሽው?» ለምትሉኝ፣ መምህሬ የላምባ ፍሪጅ ነው። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር የተጀመረው በ1972 ዓ.ም ነው። እኔ በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ ስገባ መብራት ያልደረሰባቸው ጤና ጣቢያዎች ክትባት የሚያስቀምጡት በነጭ ጋዝ በሚሠራ ፍሪጅ ነበር። ከሥሩ እንደ ኩራዝ እሳት ይነዳል፤ ከላይ ያቀዘቅዛል። እሳቱ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ ክሩ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ጥላሸት ይዞ ጭስ መውጫውን ይደፍናል። ፍሪጁ በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ ካልቆመም አያቀዘቅዝም። ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ጠዋትና ማታ እያየን እንመዘግባለን። የጥገና ሠራተኛ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ክትባቱ ግን ሳምንት አይቆይም። ያ ፍሪጅ ሦስት ነገር አስተማረኝ፦ ሳትነኪ እዪ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ ከአቅምሽ በላይ ሲሆን ሪፈር ጻፊ።

ከማየት እንጀምር። ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ሌላ ሶኬት፣ ቀጥሎ ሌላ ገመድ እሞክራለሁ። እንቢ ካለ ስልኩን አጥፍቼ ቀዳዳውን በባትሪ አያለሁ። ብዙ ጊዜ የኪስ ብናኝና የነጠላ ጭረት ተጠቅጥቆ ገመዱን እስከ መጨረሻው አላስገባ ብሎት አገኛለሁ። በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። መርፌ፣ የፀጉር ጌጥ ወይም ማንኛውም ብረት አይገባም። በአፍም «እፍ» አትበሉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ድምፁ ላነሰ ስልክ ደግሞ የድምፅ ማውጫውን በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው።

የሐጂን ሪሞት ራጅ አነሣሁት። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፤ የራስን ፎቶ የምታነሡበትን የፊቱን ካሜራ ብታደርጉት ይሻላል። የሪሞቱን ግንባር ወደ ካሜራው አዙራችሁ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ሪሞቱ ጤነኛ ከሆነ ለዓይን የማይታየው ጨረር በስልኩ ውስጥ ሐምራዊ ብልጭታ ሆኖ ይታያል። የሐጂው አልበራም። ባትሪው ተቀየረ፤ አሁንም የለም። የባትሪው ሽቦ ላይ አረንጓዴ ዝገት ነበር። በደረቅ ጨርቅ ከዚያም በእርሳስ ላጲስ ፈተግነው፤ በራ። ሐጂ «ሲስተር፣ መርፌ ሳትወጊ አዳንሻት» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

አንዳንዱ ችግር ከዕቃው ሳይሆን ከቤቱ ነው። የጀጎል ቤት ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው። ሙቀትም ብርድም እንደልቡ አያስገባም፤ የስልክ ሞገድንም እንዲሁ። ጊድር ጋር ውስጥ ነደባ ላይ ተቀምጣችሁ ከልጃችሁ ጋር ስታወሩ ድምፁ ከተቆራረጠ ስልኩን አትምቱት፤ ወደ ግቢው ብቅ በሉ። ዋይፋይ ያስገባችሁ ደግሞ ሳጥኑን ጣቄት ውስጥ ከሸክላና ከሰሃን ኋላ አትሸጉጡት። ከበሩ ትይዩ፣ ከፍ ያለ ገላጣ ቦታ ስጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ መብራት ሲጠፋ ማለቴ ነው። ባለፈው ክረምት መብራት ለሁለት ቀን ሄዶብን ነበር። ከእኔ ቤት ሁለት ቅያስ አልፎ የሚኖሩ፣ ለዓመታት ኢንሱሊን የሚወጉ እትዬ አሉ። ፍሪጃቸው ሲሞቅ «መድኃኒቱ ተበላሽቷል፣ የተበላሸ ከምወጋ ይቅርብኝ» ብለው በራሳቸው ፈርደው መርፌውን አቆሙ። ለማንም አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው እየሮጠች መጣች። ስደርስ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ውሃ ውሃ ይላሉ፤ ትንፋሻቸው ጥልቅና ፈጣን ሆኗል። በስኳር መለኪያቸው ስንለካ ከመሣሪያው አቅም በላይ አለ። በጠባቡ ቅያስ ደግፈን አውጥተን፣ ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል አደረስናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጊዜ ደረሱ።

ያ ኢንሱሊን ለሁለት ቀን ፍሪጅ ስላጣ የሚበላሽ አልነበረም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ተከፍቶ እየተወጋ ያለው ግን፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ካላለፈ፣ አብዛኛው ዓይነት ለአራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ የእናንተውን ከማሸጊያው ላይ ታገኙታላችሁ። ሐረር ደጋማ ናት፤ እንደ ድሬዳዋ አታቃጥልም። እትዬን የጎዳቸው የተቋረጠው መርፌ ነው። ስለዚህ ስኳር ያለበት ወላጅ ያላችሁ ልጆች፣ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ስልክ «መርፌሽን ወጋሽ?» የሚል ይሁን። ተበላሽቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም መርፌውን በገዛ ፈቃድ ከማቆም በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና አሳዩ።

ለቤቱ ደግሞ ይህን አድርጉ። ሸክላ ካለ ፍሪጅ አለ። አንድ ትልቅ ሸክላ ውሰዱ፤ ውስጡ ትንሽ ሸክላ አስቀምጡ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በአሸዋ ሙሉት፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፍክፉበት፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ አያቶቻችን በእንስራ ውሃ ያቀዘቀዙበት ጥበብ ነው። መድኃኒቱን ውሃ በማያስገባ ፌስታል ጠቅልላችሁ ትንሹ ሸክላ ውስጥ አኑሩት። በረዶ ላይ ግን አታስቀምጡት፤ የፍሪጁ በረዶ ቤት አጠገብም አይሁን። አንዴ የበረደ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም። እንደ ውሃ ንጹሕ የነበረው ከደፈረሰ፣ ወይም እንደ ወተት የሚነጣው በመዳፍ ሲንከባለል እኩል ካልተቀላቀለና ከጓጎለ፣ ይጣል።

ፍሪጁ ራሱ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል አሥር ደቂቃ ታገሡ። ከቤት ርቃችሁ ስትመለሱ መብራት ጠፍቶ መምጣቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በረዶ በሠራ የኩባያ ውሃ ላይ አንድ ሳንቲም አኑሩና በረዶ ቤቱ ውስጥ ተዉት። ሳንቲሙ ከላይ ከሆነ ሰላም ነው። ሰምጦ ካገኛችሁት በረዶው ቀልጦ ነበርና ሥጋውን አትመኑት።

ከመብራት ቀጥሎ ውሃ ነው። የሐረር ሰው የውሃን ዋጋ የሚነግረው አይፈልግም። ለዓመታት ያጠጣን የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ አይተናል፤ ከዚያም ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከጉድጓድ ተስቦ የሚመጣ ውሃ ጠብቀናል። ታዲያ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዴት ዝም ይባላል? ግሉኮስ ስሰቅል ጠብታ መቁጠር ልማዴ ስለነበር የቤቴንም እንዲሁ ለካሁት። በአንድ ሰዓት ሩብ ሊትር ብርጭቆ የሚሞላ ጠብታ በቀን 6 ሊትር ነው። በወር 180 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የአንዲት ጎሚኒ ዋጋ ነው። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፤ የቧንቧውን ራስ ፍቱ፤ የተበላችውን ጎሚኒ አውጥታችሁ ለናሙና ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ። «ይህን የምታህል» ማለት በቃል ከማስረዳት ይሻላል። ስትመልሱት በጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠምጥሙ።

ጀሪካኑንም አትርሱ። ውስጡ አረንጓዴ ከያዘ ጠጠርና የሳሙና ውሃ ከትታችሁ በደንብ ናጡት፤ ከዚያ አለቅልቁት። የውሃ ማከሚያ ስትጨምሩ በማሸጊያው ላይ ያለውን ልክ ጠብቁ፤ ከጨመራችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ታገሡ። የልብስ በረኪና በግምት አይጨመርም፤ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል።

ሦስተኛው ትምህርት ሪፈር ነው። ከቤት ጥገና የምከለክላችሁ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ ለቴሌቪዥንና ለቻርጀር የተሠራ ዲቫይደር ይህን አይችልም። ሶኬቱ ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም የላስቲክ ሽታ ካመጣ፣ ናስትሮ ጠምጥማችሁ አትለፉት፤ ባለሙያ ጥሩ። ሲነኩት «ነዘር» የሚያደርግ ምጣድም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አይሰካም። ባትሪው አብጦ ጀርባው የተነሣ ስልክም አይጫንም፣ አይበሳም፣ ቻርጅ አይደረግም።

መብራት የለም ብላችሁ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ። ከሰል የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸውና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው በሩን ክፈቱ፤ ወደ ውጭ ውጡ፤ ሕክምና ፈልጉ።

የመጨረሻው ለልጅ ልጆቻችን ነው። የሐጂ ሪሞት ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ ታስሮ ነበር። የእርሳቸው ባትሪ ትልቁ ዓይነት ነው። በቀጫጭን ሪሞት፣ በመኪና ቁልፍ፣ በሚዘፍን አሻንጉሊትና በስኳር መለኪያ ውስጥ ያለው ግን እንደ ሳንቲም ክብ ነው። ሕፃን ከዋጠውና ጉሮሮው ላይ ከቆመ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ሊያቃጥለው ይችላል። ልጁ ምራቁ ከበዛ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ባትሪው ከቦታው ከጠፋ «ነገ ይወጣዋል» አትበሉ፤ አታስመልሱት፤ ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነና መዋጥ ለሚችል ልጅ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈ፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፣ ከስድስት ጊዜ ሳያልፍ፣ መስጠት ይረዳል። ለማሩ ተብሎ ግን ጉዞው አይዘገይም። ከሁሉ በፊት ዛሬ ማታ በየቤታችሁ ዙሩና ክዳን የሌለውን ሁሉ በፕላስተር አሽጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እኛ ሐረር ነን፤ መጠገን አዲስ ነገራችን አይደለም። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እነዚያ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ሲፈቱ፣ ዘይት ሲቀቡና ሲገጥሙ እያየን አድገናል። ስለዚህ ከመድኃኒት ሣጥናችሁ አጠገብ አንዲት የካርቶን ሣጥን አኑሩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ቴፍሎን፣ ሁለት ሦስት ጎሚኒ፣ ስቴኪኒ፣ ላጲስ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና የምትሠራ ባትሪ ይኑራት። በክዳኑ ላይ የኤሌክትሪክ ባለሙያውንና የቧንቧ ሠራተኛውን ስልክ በትልቁ ጻፉ። የሆነ ነገር ስትፈቱም የልጅ ልጃችሁን ጠርታችሁ ባትሪ ያዙልኝ በሉት፤ ብርሃን የያዘ ልጅ ያያል፣ ያየ ልጅም ይለምዳል።