ሁለት ጥያቄ ነው፣ አንድ አናድርገው

የአሜሪካ ፖለቲካ በተነሳ ቁጥር እኛ ሐበሾች ሁለት ነገር እያምታታን ነው የምንጨቃጨቀው። «የ2020ው ምርጫ ተሰርቋል ወይ?» እና «ትራምፕ የተከሰሰው በፖለቲካ ነው ወይ?» አንዱን አዎ ያለ ሌላውንም አዎ ይበል ያለው ማነው?

እስቲ ጆርጂያን እንይ። ባይደን ያሸነፈው በ11,779 ድምፅ ነው። 5 ሚሊዮን የሚሆን የድምፅ ወረቀት እንደገና በእጅ ተቆጠረ። በትራምፕ ወገን ጥያቄ ደግሞ በማሽን ተቆጠረ። አሸናፊው ያው ነው። ቆጠራውን የመራው ራፈንስፐርገር ራሱ ሪፐብሊካን ነው እኮ!

ክሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዐቃቤ ሕጓ ፋኒ ዊሊስ ለመዝገቡ ከቀጠረችው ጠበቃ ጋር የፍቅር ግንኙነት ነበራት። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከጉዳዩ አነሳት፤ በ2025 ክሱ ተዘጋ። ይሄ ያስነውራል፣ የዲሞክራት ደጋፊም ቢሆን ሊለው ይገባል። ግን የእሷ ጥፋት የተቆጠረውን ወረቀት አይለውጥም። ክሱ ስለተዘጋም ትራምፕ 11,780 ድምፅ እንዲገኝለት በስልክ መጠየቁ አይፋቅም።

የኛ ችግር ይገባኛል። በ97 ኮሮጆ ተገለበጠ ብለን ጮኸናል። የቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በቀናት ውስጥ በይቅርታ ሲፈቱም አይተናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ድምፅ ሊሰረቅ፣ ክስም የፖለቲካ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ማንም አያስተምረንም። ግን «ሊሆን ይችላል» እና «ሆኗል» አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ወገን፣ ከመሰዳደባችን በፊት የምንከራከረው ስለ ቆጠራው ነው ወይስ ስለ ክሱ? እሱን እንለይ።