ድምፅ ሳይጠፋ ቃል ሲጠፋ

ድምፅና ቃል አብረው የሚሄዱ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ከበሮ ቢመታ፥ መኪና ቢያልፍ፥ ነጐድጓድ ቢያጓራ ሁሉም ድምፅ ነው፤ ነገር ግን ሰው ለሰው የሚነግረው ነገር በውስጡ ከሌለ ጆሮን ያደክማል እንጂ አእምሮን አይመግብም። ይህ ልዩነት ለመጻሕፍት መምህራን ብቻ የሚጠቅም መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳሩ ግን በላም በረት ባንድ ቤት ውስጥ ይህንኑ ባለመለየት ምክንያት አንድ አባት በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሊሆኑ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

ላም በረት በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራሮች በታች ያለ ሰፈር ነው። ስሙ የከብት ማደሪያ ስም ነው፤ ዛሬ ግን ከላም እምቧታ ይልቅ የመናኸሪያው አውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማበታል። በዚሁ ሰፈር ዕድሜያቸውን በማስተማር የጨረሱ፥ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ አዛውንት ከሴት ልጃቸው ጋራ ይኖራሉ። አሜሪካ ያለው ወንድ ልጃቸው “አባቴ ዜናውንም ወጉንም ደኅና አድርጎ ይስማ” ብሎ የሆም ቴአትር አምፕሊፋየር ከነስፒከሮቹ ላከላቸው።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፥ የኢትዮጵያ ግን 220 ቮልት ስለ ሆነ አስቀድሞ ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ተገዛ፤ ይህ ባይደረግ ዕቃው ገና ሲሰካ ሊቃጠል ይችል ነበር። ከዚያም ስፒከሮቹ በየማዕዘኑ ቆሙ። አንዱ ብቻ፥ ያውም ከሁሉ የሚያንሰው፥ በቴሌቪዥኑ ሥር ስፍራ ስላልተገኘለት በካርቶኑ ውስጥ ቀረ፤ ስለ ትንሽነቱም ማንም አላሰበበትም።

ዕቃው ሲከፈት ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። ነገር ግን ዜና ነጋሪው መናገር ሲጀምር ድምፁ ከጕድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ሆነ። ልጅቱ ድምፁን ጨመረች፤ ዘፈን በተመለሰ ጊዜ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፥ ጎረቤትም አቤቱታ አሰማ። ቀነሰችው፤ ቃሉ ዳግመኛ ጠፋ። ሳምንታት እንዲህ ካለፉ በኋላ “አባዬ፥ ዕቃውስ ይጮኻል፤ የደከመው የርስዎ ጆሮ ነው” አለቻቸው። አዛውንቱ ፊት ተከራከሩ፤ ኋላ ግን አመኑ። ካመኑም ወዲህ እንግዳ ሲመጣ በጨዋታው መካከል መግባት ተዉ፤ ቤተ ሰቡም በመጀመሪያ በጩኸት፥ ኋላም በምልክት ያነጋግራቸው ጀመር። ደስ ያሰኛል ተብሎ የተላከው ዕቃ ዝምታን ይዞ ገባ።

በመጨረሻ ከሰፈሩ አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠራ። ዕቃውን ከመንካቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፦ “እኅቴ፥ ዘፈኑም ዝቅ ይላል ወይስ ንግግሩ ብቻ?” ንግግሩ ብቻ መሆኑን በሰማ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። የዕቃው ጕልበት ያነሰ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በአንድነት ይደክም ነበር፤ አንዱ በርትቶ ሌላው ከጠፋ ግን ጕድለቱ በኃይል ሳይሆን በአከፋፈል ነው።

ቢሆንም ሥራውን በተራ ጀመረ። በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ሪሲቨር የሚለው ከዲሽ ጋራ የተገናኘውን ሣጥን ነው፤ በውጭ አገር ግን ስፒከሮቹን የሚነዳውም ዕቃ በዚሁ ስም ይጠራል። አንድ ስም ለሁለት ነገር ሲሆን ሰው አንዱን ሲያይ ሁለተኛውን ይረሳል። በዚያም ቤት የዲሹ ሣጥን የራሱ ድምፅ ከግማሽ በታች ተቀንሶ ተገኘ። ከምንጩ ቀጥኖ የመጣውን ውሃ ቦዩን በማስፋት ማብዛት አይቻልም፤ ስለዚህ የሣጥኑን ድምፅ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ የቀረውን ለአምፕሊፋየሩ ተወለት።

ቀጥሎ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ቍጥር አስረዳ። ልጅቱ ቍጥሩ ከ60 ወደ 40 ሲወርድ ድምፁ ስለ ምን እንደሚጨምር ግራ ገብቷት ኖሯል። ቍጥሩ ከዜሮ በታች የሚቈጠር ነው፤ ዜሮ ማለትም ዝምታ ሳይሆን የሲኒማ ቤት ልክ ነው። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል፤ 10 ዴሲቤል በተጨመረ ጊዜ ጆሮ እጥፍ ያህል አድርጎ ይሰማዋል፥ ዕቃው ግን ዐሥር እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት። ያለ ልክ የሚጨምር ሰው ስፒከሩን የሚያቃጥለው ስለዚህ ነው።

ከዚያም ዕቃውን ከመብራት ነቅሎ ሽቦዎቹን መረመረ። ቀዩና ጥቍሩ ባንዱ ስፒከር ላይ ቢገለባበጡ፥ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባልና ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሽቦዎቹ ግን ደኅና ነበሩ። በመጨረሻ የስፒከሮቹን ዝርዝር ገልጦ “መካከለኛው የት አለ?” ብሎ ጠየቀ። ልጅቱም ካርቶኑን አሳየችው።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ተገለጠ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቃልም ዜማም ካንድ አፍ ይወጣ ነበር። ዛሬ ግን በሲኒማ ሥርዓት የተሠራ ዕቃ 5.1 የሚባል አከፋፈል አለው፤ ይኸውም ሦስት ስፒከር ከፊት፥ ሁለት ከጐን ወይም ከኋላ፥ አንድም ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ ማለት ነው። የተናጋሪው ቃል በአብዛኛው የሚሰጠው ለፊተኛው መካከለኛ ነው፤ በዳር የተቀመጠ ተመልካች እንኳ ንግግሩ ከተናጋሪው ምስል የወጣ እንዲመስለው ነው። ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ የሚባለውም ዘዴ ባለ ሁለት ክፍል የሆነውን ተራ ስርጭት ተቀብሎ፥ ከግራና ከቀኝ እኩል የሚመጣውን ለይቶ ወደ መካከል ይልካል፤ የዜና ነጋሪም ቃል እኩል ከሚመጡት ነው። አምፕሊፋየሩ መካከለኛው ስፒከር እንዳለ ሆኖ ስለ ተሰናዳ፥ ቃሉን ሁሉ አፍ ወደሌለበት ስፍራ ይልከው ነበር።

መድኀኒቱም ሁለት ነበረ፤ ወይ በዝርዝሩ ላይ “መካከለኛ የለም” ብሎ ቃሉን ለግራና ለቀኝ ማካፈል፥ ወይም ትንሹን ስፒከር ከካርቶን ማውጣት። ባለሙያው በዱካ ላይ አቁሞ ሽቦውን አገናኘው፥ ከሌሎቹም 3 ዴሲቤል አስበለጠው። የሌሊት የሚባለውንም ትእዛዝ ከፈተ፤ እርሱ ጩኸቱን ዝቅ፥ ሹክሹክታውን ከፍ አድርጎ ያቀራርባልና ለጎረቤትም ዕረፍት ነው።

ዜና ነጋሪው ሲናገር አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። አንድም ቃል ሳይናገሩ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ልጅቱም ፊቷን አዙራ አለቀሰች፤ ላልተሠራ ጥፋት አባቷን መክሰሷን ዐውቃለችና።

ባለሙያው ሊሄድ ሲል ግን አዛውንቱ ጠሩት። “ልጄ፥ እውነቱን ልንገርህ፤ አሁንም ከዐሥሩ ቃል አንዱ ያመልጠኛል” አሉት። “አባባ፥ እሱን እንግዲህ ሐኪም ይየው” አላቸው። በማግሥቱ ወደ ጆሮ ሐኪም ሄዱ፤ ክሱም ፈጽሞ ሐሰት አለመሆኑ ታወቀ። እርጅና አስቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ እንደ ሰ፥ እንደ ፈ፥ እንደ ሸ ያሉት ፊደላት ይደክማሉ፥ ወፍራሙ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሽማግሌው ሰው መናገሩን ይሰማል፥ ምን እንደ ተናገረ ግን ይጠፋዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው ከ60 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከመቶ 25 የሚበልጡት ኑሮን በሚያውክ የመስማት ችግር የተያዙ ናቸው። ለእንደዚህ ያለው ሰው መጮኽ አይጠቅመውም፤ ይልቁንም ፊት ለፊት ተቀምጦ፥ ከንፈርን እያሳዩ በቀስታ መናገር ይሻለዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ ከማጀት ሆና አባቷን መጥራት ተወች፤ ወደ ፊታቸው መጥታ ተቀምጣ ትናገራለች። አንድ ምሽት የትናንቱን ጩኸት አንሥታ ይቅርታ በጠየቀቻቸው ጊዜ አዛውንቱ ፈገግ ብለው እንዲህ አሉ፦ “ልጄ፥ አንቺ ድምፅ ስትጨምሪልኝ ነበር፤ እኔ ግን የጠፋብኝ ቃል ነበር። ለካ ሁለታችንም አንድ ትንሽ አፍ በካርቶን ውስጥ ረስተን ኖረናል።”