ሰውነታችንንም እናንብብ

ሥራ ክቡር መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። እውነትም ነው። ዳሩ ግን ሥራው ክቡር የሆነውን ያህል የሠራተኛውም ሰውነት ክቡር መሆኑን የነገረን ጥቂት ሰው ነው። «ጎበዝ አይደክመውም» ሲባል ነው የኖርነው። ነገ መምህራን ለምንሆን እጩዎች ይህ አባባል ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ከጣራ ገዳም ደን ግርጌ በአዲስ ዘመን ዙሪያም ሆነ ወዲህ ወደ ላይ በፋርጣ ደጋ፣ ገበሬውን በእርሻ ወቅት ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ጅራፉን ቢያጮህም ዓይኑ ከበሬው አይነቀልም። በሬው ምላሱን ሲያወጣ፣ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ሲርገበገብ፣ ጉልበቱ ሲብረከረክ «በቃ፣ ይፈታ!» ይላል። ቀንበር የላጠው ጫንቃ ካየማ በማግስቱ አይጠምደውም። ይህን የሚያደርገው ሥራ ጠልቶ አይደለም፤ የነገው እርሻ በዛሬው በሬ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ማሕሌት የሚቆሙትን ሊቃውንትም እንውሰድ። ሌሊቱን ቆሞ ማደር የአገልግሎታቸው ግዴታ ነው። ታዲያ መቋሚያ አላቸው። ለዝማሜው ያወዛውዙታል፣ ሲደክማቸው ይደገፉታል። ድካሙ ነውር አልተባለም፤ መደገፊያ ተበጀለት እንጂ።

የመምህሩስ መቋሚያ ወዴት አለ? ለማስተማር ልምምድ ወጥተን እንዳየነው፣ ሥራችን በጉሮሮና በእግር የሚሠራ ነው። በጉሮሯችን ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ስንናገር በወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል፣ በሴት 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ስንጮህ ደግሞ ይበልጥ ይፋጫሉ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ትከሻችን ወደ ጆሯችን ይወጣል፣ መንጋጋችን ይገጥማል፣ ጉሮሯችን ይከረክራል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያልታወቀ ድካም ስሙን ይለውጣል። እግር ሲደክም «ሙያው አስጠላኝ» እንላለን፤ ትከሻ ሲከብድ «ተማሪዎቹ ሰነፎች ናቸው» እንላለን። ያን ጊዜ አንድ ሕፃን እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አልገባኝም» ቢል፣ የሚመልስለት ዕውቀታችን ሳይሆን ድካማችን ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕጉን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ አርጩሜው የሚነሣው እጅ ሲቆጣ ስለሆነ፣ የእጅን መጨበጥ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ? ደወል በተደወለ ቁጥር እግሬ፣ ትከሻዬ፣ ጉሮሮዬ እንዴት ናቸው ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ትከሻችንን እናውርድ፣ ከሆዳችን እንተንፍስ፣ ውኃ እንጎንጭ። ጸጥታ ስንፈልግ ከመጮህ እናጨብጭብ። ወደ ሰሌዳው ዞረን ከምንጮህ ጽፈን ጨርሰን ወደ ተማሪው ዞረን እንናገር። ተማሪዎቹ በቡድን ሲሠሩ ደግሞ እኛ ዐረፍ እንበል፤ እነርሱም ይማሩበታል።

እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። አምስት ዓመት ሳይሆን ሠላሳ ዓመት ማስተማር የሚፈልግ ሰው ግን አይንቃቸውም። ገበሬው የበሬውን ሰውነት ካነበበ፣ ሕፃናትን ማንበብ ልናስተምር የተዘጋጀነው እኛ የራሳችንን ማንበብ እንዴት ያቅተናል?