ጤነኛው ምላስ

ሰባ የሚጠጉ እናት ወደ ክሊኒኬ መጥተው «ልጄ፣ ምላሴ ላይ ፍም አለ» አሉኝ። ጠዋት ሲነሡ አይሰማቸውም፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ይፋፋማል። አፋቸውን በብርሃን መረመርኩ፤ ቁስልም ሆነ እብጠት የለም። የደም ምርመራውም ንጹሕ ነበር። «ደስ ይበልዎት እማማ፣ ምላስዎ ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ የሚያቃጥለኝ ውሸት ነዋ!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከወራት በኋላ ልጃቸው ይዛቸው መጣች። እኔ ያልጠየቅሁትን የነገረችኝ እርሷ ናት። እናቷ የወጡን ጨው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው እየቀመሱ የሚለኩ ባለሙያ ነበሩ። አሁን ግን የሚያንጠባጥቡት በልጃቸው መዳፍ ላይ ነው። ለማኅበር የሠሩት ወጥ ጨው በዝቶበት እንግዶቹ በይሉኝታ ዝም ብለው እንደ በሉላቸው ካወቁ ወዲህ ለሰው ድስት ጥደው አያውቁም። ሳይበሉም አፋቸውን ይመራቸዋል።

መጠየቅ የነበረብኝ ስለ ጣዕም ነበር። ከምላስ ፊተኛው ሁለት ሦስተኛ ክፍል ጣዕምን የሚያደርሰው ኮርዳ ቲምፓኒ የተባለ ቀጭን ነርቭ ነው፤ በጆሮ ታምቡር ውስጠኛ ገጽ በኩል አልፎ ወደ አንጎል ያቀናል። ሕመምንና ትኩሳትን የሚያደርሰው ግን ትራይጄሚናል የተባለው ሌላ ነርቭ ነው። በርበሬ ሲያቃጥለን መልእክቱ የሚጓዘው በዚሁ ነው፤ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ተቀባይ የበርበሬንም የእሳትንም ማቃጠል አንድ አድርጎ ይቀበላል። ሊንዳ ባርቶሹክን የመሰሉ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ጣዕም ሕመምን ይገታል፤ የጣዕሙ ነርቭ ሲደክም ሕመሙ ልጓም ያጣል። ብዙ ሕሙማን ሲበሉ ፋታ ማግኘታቸው ከዚህ ጋር ይስማማል።

ይህን ሁሉ በአማርኛ አስረዳኋቸው፤ ስለ ፊተኛው ቃሌም ይቅርታ ጠየቅሁ። አፍ ውስጥ ተመጥጦ የሚተፋ የክሎናዜፓም ጽላት አዘዝኩላቸው። አንዳንዱን ይረዳል፤ እርሳቸውንም በመጠኑ አስታገሰላቸው እንጂ ፍሙን አላጠፋውም።

ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በልጃቸው እጅ ላኩልኝ። ማታ ደውለው «ጨው እንዴት ነው?» አሉኝ። ጥቂት አመነታሁ።

«በዝቷል፣ እማማ።»

ሳቁ። «አሁን አመንኩህ» አሉኝ።