ሁለት አጅር ያለው ልጅ

ዛሬ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

በመስጂዳችን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ልጆች አቀራለሁ። አምና ግን ተሰላችቼ ነበር። 10 ዓመት ያው ቃዒዳ፣ ያው «አሊፍ፣ ባ፣ ታ»። ጭራሽ ሌሎች ኡስታዞች «አይገባቸውም» ያሏቸው 7 ልጆች ለእኔ ተሰጡ። ትቼ ንግድ ልጀምር እያሰብኩ ስለነበር ማስተማሬ ቁጣ ብቻ ሆነ። አርጩሜም ነበረኝ። ሁለቱ ልጆች በዚያው ቀሩ።

ከቆዩት አንዱ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ቀን ሊስትሮ ይሠራል። «ዐይን»ን ከ«አሊፍ» መለየት አቅቶት ወራት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስመጣ ውዱእ ማድረጊያው ጋ ብቻውን ተቀምጦ ይቀራል። ቆሜ ሰማሁት። «ዐይን»ን አስተካክሎ ከጉሮሮው ያወጣዋል!

«ታዲያ እኔ ፊት ለምን ያቅትሃል?» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ «ኡስታዝ፣ ሲቆጡኝ ይጠፋብኛል» አለኝ።

ወላሂ የምለው አጣሁ። ቁርኣንን እየከበደው፣ እየተንተባተበ የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ይህን ሐዲስ ስንቴ ለሰው ተናግሬዋለሁ! ሁለት አጅር ያለውን ልጅ ግን በአርጩሜ ሳስፈራራ ነበር።

አርጩሜውን ጣልኩ። በቀን አንድ መስመር ብቻ፣ አጠገቤ ተቀምጦ መቅራት ጀመረ። አንድ ማታ «ኡስታዝ፣ እርስዎስ ዛሬ ለራስዎ ስንት ገጽ ቀሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። በየዋህነት ነው። እኔ ግን ከረመዷን ወዲህ ለራሴ ብዬ ሙስሐፍ አልከፈትኩም። ያደከመኝ የልጆቹ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ለካ ሰው እያቀራሁ ራሴ ሳልቀራ ከርሜያለሁ።

ተስማማን፤ እሱ አንድ መስመር፣ እኔ አንድ ገጽ። ማታ ማታ እንጠያየቃለን። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እሱ ጁዝእ ዐማን ጀምሮ ትንንሾቹን ፊደል ያስቆጥርልኛል። እኔም የንግዱን ሐሳብ ትቻለሁ። ከቀሩት ሁለት ልጆች አንዱን ቤቱ ድረስ ሄጄ ዐፉ በለኝ አልኩት፤ ተመልሷል። ሌላው ከተማውን ለቋል አሉኝ። የእሱ ነገር እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በልጅነትህ ኡስታዝ ተቆጥቶህ፣ ወይ ጓደኛ ስቆብሽ ቂርኣት ያቆምከው፣ ያቆምሽው ካለ «ዕድሜዬ ሄዷል» አትበሉ። ዛሬ ከአንድ መስመር ጀምሩ። የምታቀሩ ወንድሞቼ ደግሞ ያ ልጅ የጠየቀኝን ራሳችሁን ጠይቁ።

አላህ ቁርኣንን የልባችን ብርሃን ያድርግልን። አሚን።