ምስክር

ከጉና ተራራ ወዲያ፣ በጋይንት ምድር፣ ቤተልሔም የምትባል ጥንታዊት ደብር አለች። ከእስቴና ከስማዳ፣ ከጎጃምና ከትግራይ የተነሣ የድጓ ተማሪ የጉዞው መጨረሻ እርሷ ናት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጃፍ ደጃፍ ለምኖ ዓመታት ያሳለፈው ይህ ወጣት ይዞት የሚቀርበው ሀብት አንድ ብቻ ነበር፦ ብራና ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ድጓ።

ድጓ በትውፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ፣ የዓመቱን በዓላትና ሳምንታት ዜማ የያዘ ታላቅ መጽሐፍ ነው። በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ይዜማል። ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፈው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ድፋትና ሂደት፣ ቅናትና ይዘት፣ ቁርጥና ጭረት፣ ርክርክና ደረት፤ ከእነዚህ አንዱ ያለ ቦታው ከዋለ ዜማው መልኩን ይለውጣል።

ስለዚህ ድጓን መማርና በድጓ መመስከር ሁለት የተለያዩ ማዕረጎች ናቸው። ተማሪው በአገሩ ከሚገኝ መምህር ዘንድ ትምህርቱን ሊዘልቅ ይችላል፤ አስመስክሮ ወንበር ለመትከል ግን፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ እንደሚኬድ ሁሉ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም ይኬዳል። በዚያም ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ያዜማል። መጽሐፉም ከደብሩ ድጓ ጋር ይተያያል፤ የተሳተው ይፋቃል፣ የጎደለው ይሞላል፣ የተጣመመው ይቀናል።

ፈተናው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱ የእጁ ብቻ ቢሆን ይፋቅ ነበር፤ ያለፈውም ያልፍ ነበር። ነገር ግን በልጅነቱ ከሚወደው መምህር አፍ የተቀበለው ቢሆንስ? ያን ጊዜ ከብራናው ጋር ጆሮውም ይፋቃል። እውነትን ለመቀበል የፊተኛ መምህሩን ቃል ማረም ግድ ይሆንበታል፤ ፍቅሩን ሳይጥል ስሕተቱን መጣል ይማራል።

በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ከካንዲዳትነት በላይ ለነበረው የሳይንስ ዶክተርነትም ተመሳሳይ ደረጃ ነበረ። ጥናቱ በአደባባይ ይሞገታል፤ ሦስት ይፋ ተቃዋሚዎች ይተቹታል፤ የምሁራን ጉባኤ በምስጢር ድምፅ ይሰጥበታል፤ ሞስኮ የሚገኘው የማዕረግ አጽዳቂ ኮሚሽን ካላጸናው ግን ማዕረጉ አይጸናም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት በ1987 እ.ኤ.አ. ሲጀምር በአገራችን የዘመናዊው ምስክርነት ሌላ በር ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲ ከዕጩው አዲስ ዕውቀት ይፈልጋል፤ ቤተልሔም የተረከበውን ሳያጎድል እንዲያስረክብ ትሻለች። ሁለቱም ግን ሰው በገዛ ሥራው ላይ ብቻውን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ያውቃሉ።

ልዩነቱ በማኅተሙ ነው። የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ወረቀት ላይ ያርፋል። የቤተልሔሙ ምስክር ግን ሰው ራሱ ነው፤ በሄደበት አገር ሁሉ ከማን እንደ ተማረ ይጠየቃል፣ የመምህሩንም ስም ይጠራል። አንድ ቀን እርሱም በዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ይተክላል፤ ደበሎ የለበሰ ልጅ መጥቶ ከፊቱ ይቀመጣል፤ እርሱም ጆሮውን አቅንቶ ያደምጣል።